ስለ ብስክሌትሽ ምልክት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለማሂ፦

እናትሽ ጉልበቷን ያዝ ለቀቅ ያደርጋታል እንጂ ሌላ የሚያሰጋ ነገር የለም። ቶሮንቶ በረዶው ገና አልለቀቀም፤ ሱቁም ጭር ብሏል። ሰዉ ብስክሌቱ ትዝ የሚለው ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሁሉም በአንድ ቀን ተሰልፎ ይመጣል። እስከዚያው ጊዜ ስላለኝ፣ በስልክ የጀመርነውን ነገር በወጉ ልጨርስልሽ ብዬ ወረቀት አነሳሁ።

"አባዬ፣ ፖሊሶች ግቢያችን መጥተው ብስክሌት ላይ በነፃ ምልክት ያደርጋሉ። ላስደርግ? ቢሰረቅ ያገኙልኛል?" ነበር ያልሽኝ። አፌን ከመክፈቴ እናትሽ ስልኩን ነጠቀችኝና ወሬው ሁሉ ስለ ሄልሜትና ስለ ለንደን አውቶቡስ ሆነ። እሷ እንደሆነች ብስክሌቱ ዛሬውኑ ቢሰረቅ ደስታዋ ነው፤ በእግርሽ ትሄጃለሻ!

የጠየቅሽኝ ሁለት ጥያቄ ነው፤ መልሱም ለየቅል ነው። ላስደርግ ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ዛሬ ነገ ሳትይ አስደርጊ። ያገኙልኛል ወይ ላልሽው ግን፣ ተስፋ እንድታደርጊ አልፈልግም። አንድን ነገር አይሠራም እያልኩ አድርጊው የምልሽ ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ዙሪያ ጥምጥም ልሄድ ነውና ታገሺኝ።

ምልክት ሲባል ብዙ ሰው ብስክሌቱ ያለበትን ቦታ የሚናገር መሣሪያ ይመስለዋል። ፖሊሶቹ የሚያደርጉልሽ ግን ይህን ነው፦ ፊደል የተበሳበት ወረቀት ፍሬሙ ላይ ለጥፈው በማይለቅ ፈሳሽ አንድ ኮድ ያትማሉ፤ "ይህ ብስክሌት ተመዝግቧል" የሚል ስቲከርም ይለጥፋሉ። ከዚያ ኮዱ፣ የፍሬሙ ቁጥርና ስምሽ ባይክ ሬጂስተር የሚባለው መዝገብ ውስጥ ይገባል። መዝገቡን በመላ ብሪታንያ ያለ ፖሊስ ሊያየው ይችላል። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ባትሪ የለው፣ ሲግናል የለው። ብስክሌቱ ተሰርቆ ማንቸስተር ቢወሰድ፣ ኮዱም ዝም ብሎ አብሮ ማንቸስተር ይሄዳል።

አገር ቤት መኪና ሊብሬ አለው። ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥሩ፣ የሞተር ቁጥሩ፣ የባለቤቱ ስም አለ፤ ክርክር ሲመጣ ሊብሬውን ማሳየት ነው። ብስክሌት ሊብሬ የለውም። መሪውን የጨበጠ ሁሉ ባለቤት ነው። እንግዲህ ፖሊሶቹ በነፃ የሚያወጡልሽ ሊብሬ ነው በይው። ሊብሬ የጠፋ መኪና ፈልጎ አያመጣም፤ መኪናው ተገኝቶ "የማን ነው?" ሲባል ግን ያለ እሱ ምንም ማለት አይቻልም።

ይህ እንዲገባሽ፣ እዚሁ ከተማችን በ2008 የሆነውን ልንገርሽ፤ አንቺ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርሽ። ኩዊን ስትሪት ዌስት ላይ ኢጎር ኬንክ የሚባል ሰው የብስክሌት ሱቅ ነበረው። ከስሎቬንያ የመጣ ነው፤ እዚያ ፖሊስ ነበር አሉ። ቶሮንቶ ውስጥ ብስክሌቱ የጠፋበት ሰው "እስቲ ኬንክ ጋ ሄደህ እይ" ይባል ነበር፤ የራሱን ብስክሌት ከፍሎ መልሶ የወሰደ ሰው ወሬም በየጋራዡ ይሰማል። በዚያ ዓመት ጁላይ ላይ ፖሊስ የማጥመጃ ብስክሌቶች አቁሞ ሲጠብቅ ቆይቶ ያዘው። ሱቁና የተከራያቸው ጋራዦች ሲከፈቱ ሦስት ሺህ ገደማ ብስክሌት ተገኘ። በሙያችን ያለን ሰዎች ብዙ እንጠረጥር ነበር፤ ይህን ያህል ይሆናል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

ቀጥሎ የሆነው ነው ዋናው ነገር። ፖሊስ ብስክሌቶቹን ደርድሮ ሕዝቡን "ኑና የየራሳችሁን ለዩ" ብሎ ጠራ። ሰዉ ጎረፈ። ጎረቤታችን የነበረች አንዲት ነርስ ብስክሌቷ ጠፍቶባት ስለነበር አብሬያት ሄድኩ፤ ባለሙያ ነህና እርዳኝ ብላኝ። ምን ልርዳት? "ሰማያዊ ነው፣ ከፊት ቅርጫት አለው" ትላለች። ሰማያዊ ስንት አለ መሰለሽ! ቅርጫቱን ደግሞ ሌባ በአምስት ደቂቃ ይፈታዋል። ቁጥሩን ጽፈሽዋል? አልጻፈችም። ደረሰኝ? ከተጣለ ቆይቷል። ፎቶ? አንድ የልደት ቀን ፎቶ ላይ የኋላ ጎማው ይታያል። ከዚያ ሁሉ ክምር ውስጥ ባለቤቱን ያገኘው ጥቂት መቶ ብስክሌት ብቻ ነው። አስቢው፤ ሌባው ተይዟል፣ ዕቃው ተገኝቷል፣ ባለቤቱ ከፊቱ ቆሟል። የጎደለው አንድ መስመር ቁጥር ነው። ኬንክ በ2009 መጨረሻ ጥፋቱን አምኖ 30 ወር ተፈረደበት፤ እሱ ከእስር ከወጣ በኋላም ጎረቤታችን በአውቶቡስ ነበር የምትሄደው።

ስለዚህ ፖሊሶቹ እስኪመጡ አትጠብቂ። ደብዳቤውን አንብበሽ ስትጨርሺ ብስክሌቱን በመሪውና በኮርቻው ገልብጠሽ አቁሚው። ሁለቱ የፔዳል ክንዶች የሚገናኙበት ወፍራም ቱቦ አለ፤ ከሥሩ በኩል ጭቃና ግራሶ የተጋገረበትን ቦታ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው። ብረቱ ላይ የተመታ ፊደልና ቁጥር ታያለሽ። ፋብሪካው ቀለም የሚቀባው ቁጥሩን ከመታ በኋላ ስለሆነ አንዳንዴ ደብዛው ይጠፋል፤ የስልክሽን መብራት ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን አብሪበት፤ ጥላው ፊደሉን ያወጣልሻል። ከዚያ ፎቶ አንሺው። በእጅ ብቻ ገልብጠሽ አትጻፊ፤ ዜሮና "ኦ"፣ አንድና "አይ" ያምታታሉ፤ መዝገብ ላይ አንድ ፊደል ከተሳሳተ እንዳልተመዘገበ ቁጠሪው። ፋብሪካዎቹም ቁጥር የሚመቱት በየራሳቸው አቆጣጠር ስለሆነ፣ የሁለት ፋብሪካ ብስክሌቶች አንድ ቁጥር ሊይዙ ይችላሉ። ፖሊሶቹ ሌላ ኮድ የሚጨምሩበት አንዱ ጥቅም ይኼ ነው።

"ሌባው ፍቆ ቢያጠፋውስ?" ትይኛለሽ። ያጠፋል። ባለፈው በጋ አንድ ወጣት ፍሬን አስተካክልልኝ ብሎ ውድ ብስክሌት አመጣልኝ። ማንጠልጠያው ላይ ሰቅዬ ሥሩን ሳየው ቁጥሩ ያለበት ቦታ በሞረድ ተሞርዶ ብረቱ ያብለጨልጫል። "ይኼ ምን ሆነ?" ብለው፣ ዓይኑን ሳያሽ "ድንጋይ መትቶት ነው" አለኝ። የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ! ፍሬኑን ሳልነካ መለስኩለት። ግን ልብ በይ፤ የተሞረደው ቦታ ራሱ ተናግሯል። የሚገዛ ሰው ሥሩን ገልብጦ ካየ ዋጋው ይወርዳል፤ ሕሊና ያለው ከሆነም ጥሎት ይሄዳል። ችግሩ ገልብጦ የሚያይ ገዢ ጥቂት መሆኑ ነው።

አዲስ አበባ በሄድን ጊዜ አጎትሽ የመኪናው ስፖኪዮ ላይ የታርጋ ቁጥሩን አስቀርጾ አይተሽ "ለምን መስታወቱን አበላሸው?" ብለሽ ስቀንብሽ ነበር። ነገሩ ይኸው ነው። ስፖኪዮ የሚሰረቀው ስፖኪዮ ለጎደለው ሰው ሊሸጥ ነው፤ የሌላ ሰው ታርጋ የተጻፈበትን መስታወት አንጠልጥሎ የሚዞር ደግሞ ማን ነው? እንደዚያም ሆኖ የተቀረጸበትም ይሰረቃል። የመለዋወጫ ዕቃ ተራ ሄዶ የገዛ ስፖኪዮውን ተከራክሮ የገዛ ሰው ጨዋታ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሾፌር የለም። ቢሆንም ያልተቀረጸበት መኪና ከጎን ቆሞ ከሆነ የሌባው እጅ ቀድሞ ወደዚያ ይሄዳል።

ይህን አጥንተው የጻፉ ሰዎች አሉ፤ አንዷ የሠሩት እዚያው ለንደን ነው። ግሎሪያ ሌይኮክ ይባላሉ፤ ዩሲኤል በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጂል ዳንዶ የወንጀል ጥናት ተቋም ሲከፈት የመጀመሪያዋ ኃላፊ እሳቸው ነበሩ። በ1985 ያሳተሙት ጥናት ስለ ብስክሌት አይደለም፤ ስለ ቤት ዕቃ ነው። ደቡብ ዌልስ ውስጥ አንድ ሸለቆ ላይ ያሉ መንደሮች ነዋሪዎች ዕቃቸው ላይ ምልክት እንዲያደርጉና ይህንኑ የሚናገር ስቲከር በርና መስኮታቸው ላይ እንዲለጥፉ ተደረገ። ቤት ለቤት ተዞረ፣ ጋዜጣው ጻፈ፣ ወሬው መንደሩን አዳረሰው። በዓመቱ በተሳተፉት ቤቶች የቤት ሰበራው 40 በመቶ ገደማ ቀነሰ። የሚገርመው፣ በምልክቱ የተያዘ ሌባ ወይም የተመለሰ ዕቃ አይደለም ይህን ያመጣው። በኋላ ነገሩ እንደገና በዜና ሲነሳ ስርቆቱ እንደገና ስለቀነሰ፣ ሌይኮክ ሥራውን የሠራው ምልክቱ ነው ወይስ ወሬው የሚል ጥያቄ ይዘው ሌላ ጽሑፍ አወጡ። አሜሪካኖችም ይህን የዕቃ ምልክት ነገር በ1963 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞንተሬይ ፓርክ በምትባል ከተማ ጀምረው በመላ አገሪቱ አዳርሰውት ነበር፤ በ70ዎቹ ሲገመገም የጠፋ ዕቃ በብዛት ለባለቤቱ ሲመለስ አልታየም።

እኔ ከዚህ የወሰድኩት ስቲከሩን ሌባው እንዲያየው አድርጊ የሚለውን ነው። አንዳንድ ልጆች ብስክሌታቸው እንዳያስጠላ ብለው ኮርቻው ሥር ይለጥፉታል። ያማ ምን ይጠቅማል? ከፊት ለፊት፣ ቁመቱን በያዘው ቱቦ ላይ ይሁን። ካስጠላም ያስጠላ።

ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደግሞ የሚያፈጡ ዓይኖች ያሉበትን "የብስክሌት ሌቦች፣ እያየናችሁ ነው" የሚል ሰሌዳ ብስክሌት ማቆሚያዎች ላይ ሰቅለው ሞክረዋል። ሰሌዳው ባለበት ቦታ ስርቆቱ 62 በመቶ ወረደ፤ በሌላው የግቢው ማቆሚያ 65 በመቶ ጨመረ። ሌባው ሥራውን አልተወም፤ ቦታ ቀየረ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህ ትንሽ ይከነክነኛል። ያንቺ ስቲከር አጠገብሽ የቆመውን የሌላ ተማሪ ብስክሌት ያስበላ እንደሆነስ? ስለዚህ ስትሄጂ ብቻሽን አትሂጂ፤ የክፍል ጓደኞችሽን ሁሉ ጎትተሽ ውሰጃቸው።

የትም አገር ቁጥር ብስክሌት አያስመልስም ማለቴም አይደለም። ጃፓን ውስጥ ብስክሌት ማስመዝገብ ከ1994 ጀምሮ ግዴታ ነው፤ ፖሊስ ማታ ማታ ብስክሌተኛ አስቁሞ ቁጥሩን በሬዲዮ ያጣራል። ዴንማርክ ከ1942 ጀምሮ የፍሬም ቁጥር ግዴታ ነው፤ ብስክሌት የተሰረቀበት ሰው ኢንሹራንስ ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው ያን ቁጥር ነው። ቫንኩቨር ውስጥም ኤክስቦክስን ከሠሩት የማይክሮሶፍት ሰዎች አንዱ የነበረው ጄ አላርድ ያቋቋመው 529 የሚባል መዝገብ ከ2015 ጀምሮ ከከተማው ፖሊስ ጋር እየሠራ ነው፤ ለፖሊስ የሚደርሰው የስርቆት አቤቱታ በተከታዮቹ ዓመታት ቀንሷል። ቁጥር የሚጠቅመው ጠያቂ ባለበት ቦታ ነው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ግን ከ10 የብስክሌት ስርቆት የ9ኙ ገደማ ፋይል ተጠርጣሪ ሳይገኝ ይዘጋል። መንገድ ላይ ብስክሌት አስቁሞ ሥሩን የሚያይ ፖሊስ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ደግሞም እንዲህ ያለ ፍተሻ ቢጀመር ቀድሞ የሚቆመው ማን እንደሆነ አናጣውም። እዚህም እዚያም ጥቁር ልጅ ጥሩ ብስክሌት ላይ ሲታይ "የማን ነው?" የሚል አይጠፋም። ሱቃችን የሚመጡ የኛ ልጆች ነግረውኛል። ስልክሽ ላይ የምዝገባው ማስረጃ፣ ደረሰኙና ፎቶው ካለ፣ አሳይተሽ መንገድሽን ትቀጥያለሽ። ለእኔ ይህ ብቻውን ምልክቱን ለማስደረግ በቂ ምክንያት ነው።

ኤርታግ ልደብቅበት ወይ ብለሽኝም ነበር። ደብቂ፤ አይከፋም። ቦታውን የሚናገረው እሱ ነው፤ በአጠገቡ የሚያልፉ አይፎኖችን እየተጠቀመ ነው የሚሠራው። ግን አፕል ሰው በድብቅ ሰውን እንዳይከታተልበት ሲል፣ የማይታወቅ ኤርታግ አብሮ ሲንቀሳቀስ ለሰውየው ስልክ "የሚከተልህ ነገር አለ" የሚል መልእክት ይልካል። ሌባው አይፎን ካለው ኤርታግሽ ራሱን አሳልፎ ይሰጣል ማለት ነው። አስቂኝ ነው፤ ግን እንዲያ ነው።

ከሁሉ በፊት ቁልፍ። ምልክቱ በነፃ ነውና ገንዘቡን እዚያ ላይ አውጪ። እኛ ዩ ሎክ የምንለውን እናንተ ጋ ዲ ሎክ ይሉታል፤ ሶልድ ሴኪዩር የሚል ማኅተም ያለበትን፣ ጎልድ ወይም ዳይመንድ ደረጃ የሆነውን ግዢ። ቀጭኗን የሽቦ ገመድ እንዳታስቢያት፤ በእጅ መቀስ ትቆረጣለች። ፍሬሙንና የኋላ ቸርኬውን አንድ ላይ አድርገሽ መሬት ከተተከለ ብረት ጋር ቆልፊ። የባትሪ ግራይንደር የያዘ ሌባ ይህንንም ይቆርጠዋል፤ ግን ይጮህበታል፣ ጊዜም ይወስድበታል፤ ሌባ ደግሞ ሁለቱንም አይወድም።

እንዲያም ሆኖ ከሄደ፣ በዚያው ቀን ለፖሊስ በድረ ገጻቸው ወይም በ101 አመልክቺና የወንጀል ቁጥሩን ተቀበዪ፤ ኢንሹራንስ ያለ እሱ አያናግርሽም። መዝገቡ ላይ "ተሰርቋል" ብለሽ ለውጪው፤ ሊገዛ ያሰበ ሰው ቁጥሩን ቢያጣራ እንዲያገኘው። ተሰርቆ ካለቀ በኋላ ቁጥሩን የሚፈልግ፣ ደረሰኙን የሚያስስ ሰው ሁልጊዜ ይመጣብኛል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ከዚያ ኢቤይን፣ ጉምትሪን፣ ፌስቡክ ማርኬትፕሌስን አልፎ አልፎ ተመልከቺ።

አሁን የምጽፍልሽን ደግሞ እንደ ብስክሌት ሠሪ ሳይሆን እንደ አባትሽ ስሚኝ። ማስታወቂያ ላይ ብስክሌትሽን ብታገኚው፣ ወይም ኤርታጉ የሆነ ቤት በር ላይ ቢያቆምሽ፣ ብቻሽን እንዳትሄጂ። ከጓደኛም ጋር ቢሆን አትሂጂ። ስክሪኑን ፎቶ አንስተሽ፣ አድራሻውን ጽፈሽ ለፖሊስ ስጪ። ፖሊስ ዛሬ አልመጣ ይሆናል፣ ነገም አልመጣ ይሆናል፤ አንቺም ትናደጃለሽ። ተናደጂ። በንዴት ቤትሽ ቁጭ በይ። እኔ አውቅሻለሁ፤ ስድስተኛ ክፍል እያለሽ እርሳስሽን የወሰደብሽን ልጅ ሦስት ፎቅ ያሳደድሽ ልጅ ነሽ። ያ ሰው ኪሱ ውስጥ ምን እንደያዘ አታውቂም። ብስክሌት እኔ እገጥምልሻለሁ፤ ከተጣለ ፍሬም እንኳ ተነስቼ የሚያምር አድርጌ እሠራልሻለሁ። ሌላ አንቺን መሥራት አልችልም።

አክስትሽ ለፋሲካ ወዳንቺ ስለምትመጣ በሷ የምልክልሽ ነገር አለ። የጎማዎቹ መፍቻ በእጅ የሚጠመዘዝ ማንሻ ከሆነ፣ ያለ ልዩ ቁልፍ የማይፈታ ዘንግ እቀይርልሻለሁ፤ ለኮርቻውም እንዲሁ። ለዚህ ልኬት ያስፈልገኛል። ኮርቻውን ከፍ አድርገሽ ሳቢው፤ ዘንጉ የታችኛው ጫፍ ላይ በሚሊሜትር የተጻፈ ቁጥር አለ፤ ብዙ ጊዜ 27.2 ነው፤ ያንቺ ግን ሊለይ ይችላል። የኋላ ቸርኬው የሚገባበትን የፍሬሙን ክፍተትም ከውስጥ ወደ ውስጥ በማስመሪያ ለኪልኝ። ሁለቱንም ልኬት ከፍሬሙ ቁጥር ፎቶ ጋር አድርገሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፤ እሷ ሻንጣዋን የምትዘጋው በሆሳዕና ሰሞን ነውና ከዚያ በፊት ይድረሰኝ።

አባትሽ